የክሬዎን ጥፋት ከየት ይጀምራል?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ሲያነቡ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ለአንቲጎኔ ወገኑ፤ የወንድሟን አስከሬን እንዳትቀብር የከለከላትን ንጉሥ ክሬዎንን ግን አረመኔ ብለው ደመደሙ። ታዲያ ውድቀቱ እንደ ትራጄዲ የሚቆጠረው ስለምንድን ነው?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ለአንቲጎኔ መወገናቸው ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የፈረዱት በአደጉበት ልማድ ነው። እድር ድንኳን በሚተክልበት፣ ዘመድ አዝማድ ለተዝካር በሚሰበሰብበት በጎጃም ያደገ ወጣት፣ ሬሳ ለውሻና ለአሞራ ይጣል የሚል አዋጅ ሲሰማ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያበቃለታል። ተውኔቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ በአቴንስ ሲታይ ግን ተመልካቹ ሌላም ሕግ ያውቅ ነበር፤ አገሩን የከዳ ሰው አቴንስ ባለችበት በአቲካ ምድር እንዳይቀበር ይከለከል ነበር። የአንቲጎኔ ወንድም ፖሊኒቄስ ደግሞ የባዕድ ጦር አስከትሎ የገዛ ከተማውን ቴቤስን የወጋ ነው። ክሬዎን ከአገሩ ይልቅ ወዳጁን የሚያስቀድም ሰው ከንቱ ነው የሚልበትን የመክፈቻ ንግግር፣ የአቴንሱ አንደበተ ርቱዕ ዲሞስቴኔስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ343 በሸንጎ ሲከራከር እንደ መልካም ምክር ጠቅሶታል።

እንግዲህ ጥፋቱ ልኩን ማለፉ ላይ ነው። በአቴንስ የከዳተኛን ሬሳ ዘመዶቹ ከድንበር ማዶ ሊቀብሩት ይችሉ ነበር፤ ክሬዎን ግን ሬሳውን እዚያው ሜዳ ላይ አስጥሎ ዘብ አቆመበት። ነቢዩ ቲሬሲያስ ውሾችና አሞሮች ሥጋውን ወደ መሠዊያዎቹ እየወሰዱ ማርከሳቸውን ሲናገር፣ የእኛ አንባቢ ለሟቹ ያዝናል፤ የአቴንሱ ተመልካች ግን ከዚህም አልፎ አማልክት የከተማውን ሁሉ መሥዋዕት እንደማይቀበሉ ተረድቶ ይደነግጣል።

ልማዳችን የሚያግዘን ቦታም አለ፣ እንዲያውም ከብዙ የሩቅ አንባቢ የተሻለ። በግሪኮች ዘንድ ሬሳ ማጠብና ማልቀስ በተለይ የሴቶች ድርሻ ስለነበር፣ አንቲጎኔ የተከለከለችው የራሷን ግዴታ ነው። ሳታገባ በቁሟ ወደ መቃብር ዋሻ ስትወሰድ፣ የሞት ሙሽራ ሆንኩ እያለች ለራሷ የምታለቅሰው ረጅም ልቅሶ ለዘመናዊ አንባቢ የተንዛዛ ሊመስል ይችላል፤ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የሰማ የጎጃም ልጅ ግን ሥርዓቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ የሚያስደነግጠው አልቃሿም ሟቿም አንድ መሆናቸው ነው።

ለክፍልዎ አንድ ሐሳብ ላቅርብ፦ የክሬዎንን የመክፈቻ ንግግር ተናጋሪውን ሳይገልጹ ለብቻው ያስነብቧቸውና፣ እንዲህ ያለ ሰው ቢገዛቸው ይወዱ እንደሆነ ጠይቀው መልሳቸውን በጽሑፍ ይያዙት፤ ቲሬሲያስ ከተናገረ በኋላም ያንኑ ጥያቄ ይድገሙላቸው።