የተነካካ ዳትሰን ዜድን በካሊፎርኒያ ስሞግ ማሳለፍ፦ ጥያቄና መልስ ከጋሽ ካንዴላ ጋር

ጋሽ ካንዴላ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ስሞግ፣ ማለትም ስለ ካሊፎርኒያ የመኪና ጭስ ምርመራ፣ በየግል ስለምትጠይቁኝ ዛሬ በአንድ ላይ እንጨርሰው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስሞግ ቴክኒሽያን ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የማውቀው የካሊፎርኒያን ሕግ ነው። ከመኪና ደግሞ የድሮዎቹን፣ በተለይ ዳትሰን ዜድን። ስትጠይቁ የሞዴሉን ዓመት፣ ሞተሩ የራሱ መሆኑን፣ ምን እንደተቀየረ ጻፉ። ወድቆ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ። የፈታችሁትን ኦሪጅናል ዕቃ አትጣሉ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው ከአሁኑ ልመዱት።

ዮኒ ኢንግልዉድ፦ ጋሼ ሰላም። የ1972 240ዜድ አለኝ። ሦስት ዌበር ካርቡራተር፣ ሄደር፣ የተቀየረ ካምሻፍት። ስሞግ እንዴት ላሳልፈው?

ጋሽ ካንዴላ፦ ማን ጠየቀህ? የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት የሆነ የቤንዚን መኪና ከምርመራው ነጻ ነው። ይመችህ።

ሳሚ፦ የእኔ 280ዜድ በሩ ላይ ያለው ብረት 11/75 ይላል። በ1975 ስለተሠራ እኔም ነጻ ነኝ?

ጋሽ ካንዴላ፦ አይደለህም። የሚታየው የሞዴል ዓመት እንጂ ከፋብሪካ የወጣበት ወር አይደለም። ዲኤምቪ (የመኪና መመዝገቢያው መሥሪያ ቤት) 1976 ብሎ ከመዘገበው 1976 ነው። በየሁለት ዓመቱ ትመረመራለህ።

ሄኖክ፦ የ1977 280ዜድ ገዛሁ። የቀድሞው ባለቤት ኢንጀክሽኑን አውጥቶ ሦስት ዌበር ገጥሞበታል። በደንብ ስለተስተካከለ ጭሱ ንጹህ ነው። ቁጥሩ ካለፈ ምን ችግር አለው?

ጋሽ ካንዴላ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ ሰው ስሞግ ማለት ማርሚታ ውስጥ ቱቦ ከትቶ መለካት ይመስለዋል። እሱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ቴክኒሽያኑ ኮፋኖ ከፍቶ በዓይኑ ያያል። ፋብሪካው የገጠመው የጭስ መቆጣጠሪያ ሁሉ በቦታው አለ? የተፈታ፣ የተቀየረ ነገር አለ? ቀጥሎ ይሠራ እንደሆነ ይፈትሻል፤ ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ቅጽበት)፣ ኢጂአሩን (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቫልቭ)፣ የነዳጅ ታንኩን ክዳን። ሦስቱንም ማለፍ አለብህ። በዓይን ከወደቅክ ከማርሚታህ የእንጦጦ አየር ቢወጣ አይጠቅምህም።

280ዜድ ከፋብሪካ የወጣው በቦሽ ኤል-ጄትሮኒክ ኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጁን በኮምፒውተር በሚረጭ ሲስተም ነው። ከውጭ የሚገጠም ዕቃ ሞተሩን የሚነካ ከሆነ የካሊፎርኒያ አየር ሀብት ቦርድ የሰጠው ኢኦ የሚባል የፈቃድ ቁጥር ያስፈልገዋል። ቁጥሩ ደግሞ ለአንተ መኪናና ለአንተ ዓመት የተሰጠ መሆን አለበት። ሻጭ "ቁጥር አለው" ስላለህ አትመን፤ ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ራስህ እይ። ለሦስቱ ዌበሮችህ ግን አትድከም፣ የላቸውም።

ስለዚህ ኢንቴክ ማኒፎልዱን፣ ስድስቱን ኢንጀክተር፣ የአየር መለኪያውን ሳጥን፣ ኮምፒውተሩንና ኢጂአሩን ፈልገህ መልስ። መጀመሪያ ለሸጠህ ሰው ደውል፤ ብዙ ጊዜ ጋራዡ ጥግ በካርቶን ተቀምጦ ይገኛል። ከሌለ ከተፈታ 280ዜድ ላይ ግዛ። በትክክል ምን እንደሚያስፈልግህ ኮፋኖው ሥር ያለው ልጥፍ ይነግርሃል። ለካሊፎርኒያ የተሠራውና ለሌላው ግዛት የተሠራው አንድ አይደሉም። ልጥፉ ላይ ካታሊስት (ጭሱን የሚያጠራው ዕቃ) ከተጻፈ ካታሊስት ይኖርሃል፣ እሱም ኢኦ ቁጥር ያለው። ከካታሊስቱ በኋላ ያለውን ቱቦና ማርሚታ ግን እንደፈለግህ ቀይር፤ ጩኸቱን እስካላበዛህ ማንም አይጠይቅህም።

ኦሪጅናል ዕቃ አትጣሉ። ዌበሮቹንም አትጣል፣ ውድ ናቸው፣ ሽጣቸው።

ዮኒ ኢንግልዉድ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ዌበር አውጥቶ ያንን ኢንጀክሽን መመለስ ኃጢአት ነው። ድምፁን ሰምታችሁታል?

ቤቲ ኦክላንድ፦ ዮኒ፣ ነጻ መኪና ይዘህ ለተቸገረ ሰው ምክር አትስጥ። የእኔ በኢንጀክሽን ነው፤ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ይነሳል። አንተ መኪናህን ስታባብል ነው ሰፈሩ የሚነቃው።

ዮኒ ኢንግልዉድ፦ እሱ እኮ ነው ደስታው!

ጋሽ ካንዴላ፦ ሁለታችሁም ቡና ላይ ተገናኙና ተጨቃጨቁ። ቀጣይ።

ስም የለሽ፦ ጋሼ ስሞግ ወደቅኩ። ምን ላድርግ?

ጋሽ ካንዴላ፦ ምን መኪና? ስንት ዓመት? በምን ወደቀ? ጠንቋይ አይደለሁም።

ቤቲ ኦክላንድ፦ እኔ በሥርዓቱ ልጠይቅ። የ1978 280ዜድ፣ ሁሉም ኦሪጅናል። በዓይን አለፈ። በሰዓት በ15 ማይል ፍጥነት ኤችሲ 310፣ ሲኦ 3.4፣ ኤንኦ 240። በ25 ማይልም እንደዚያው። የጣሉኝ ኤችሲና ሲኦ ናቸው።

ጋሽ ካንዴላ፦ ተባረኪ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። ለማያውቁት፦ ኤችሲ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ሲኦ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ኤንኦ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ሲኦ ሰማይ ነክቶ ኤንኦ ዝቅ ካለ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበታል። ካንዴላዎቹን ፍቺያቸው፤ ጥቁር ጥላሸት ታገኛለሽ።

በ280ዜድ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የውኃ ሙቀት ሴንሰሩን ነው። ቴርሞስታቱ አጠገብ ያለች፣ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ ነገር ናት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሷ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2,500 ኦም ገደማ፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም ገደማ መሆን አለባት። ብዙ ጊዜ ሴንሰሯ ደህና ናት፤ የሚበላሸው ሶኬቱ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሶኬት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል፣ ዝገቱ ኦም ይጨምራል። ያኔ ኮምፒውተሩ የጋለውን ሞተር "ገና አልሞቀም" ብሎ ነዳጅ ይግተዋል። ስለዚህ ሴንሰሯ ላይ ብቻ አትለኪ። ባትሪውን ፈትተሽ ኮምፒውተሩ ጋ በሚገባው ሶኬት በኩልም ለኪ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ሌባው ሽቦው ነው።

እሱ ደህና ከሆነ የነዳጁን ግፊት፣ ቀጥሎ ለቀዝቃዛ ማስነሻ የምትረጨው ኢንጀክተር እያፈሰሰች እንደሆነ እዪ። አደራ፣ የአየር መለኪያውን ጥቁር ክዳን ከፍቶ ስፕሪንጓን የሚያዞር መካኒክ አታስጠጊ። ሲኦ ለአንድ ቀን ይስተካከል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መለኪያው መለኪያ አይደለም።

ሌሎቻችሁም እዚሁ ያዙ። ኤችሲ ከፍ ብሎ ሲኦ ዝቅ ካለ ተቃራኒው ነው፤ አየር በዝቶ አንዱ ሲሊንደር እየሳተ ነው። በዚህ ሲስተም ላይ የዘይቱ ክዳን ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ በደንብ ካልገጠመ እንኳ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። የተሰነጠቀ የቫክዩም ቱቦማ አይነሳ።

ተስፋዬ ሳንዲያጎ፦ የ1984 ሱፕራ። የወደቅኩት በኤንኦ ብቻ ነው። መካኒኬ ታይሚንጉን ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርጎታል፣ ጉልበት እንዲኖረው።

ጋሽ ካንዴላ፦ ራስህ መለስከው። ኤንኦ የሚወለደው የማቃጠያው ክፍል በጣም ሲግል ነው። ታይሚንግ ወደፊት ሲገፋ ሙቀቱ ይጨምራል። ደግሞ ልጥፉ ላይ ከተጻፈው ከ3 ዲግሪ በላይ ከራቀ ለብቻው ይጥልሃል። መልሰው። ከዚያ ኢጂአሩን ፍታና ቀዳዳውን እይ፤ ካርቦን ደፍኖት ይሆናል። ራዲያተርህም ከተደፈነ ሞተሩ ይግላል።

ስም የለሽ፦ ጋሼ የእኔ 280ዜድ ነው። ስሞግ አላለፈም።

ጋሽ ካንዴላ፦ ወረቀቱን! ቴክኒሽያኑ በእጅህ የሰጠህን ወረቀት አንብብ።

ዳኒ፦ በ1983 ማዝዳ አርኤክስ-7 ላይ ኤልኤስ ሞተር (የጂኤምን ቪ8) መግጠም ሕጋዊ ነው?

ጋሽ ካንዴላ፦ ይቻላል፣ ግን ተራ ጣቢያ አይደለም የምትሄደው፣ ሬፈሪ ጋ ነው፤ እንዲህ ያሉ ለየት ያሉ መኪናዎችን የሚያይ የግዛቱ መርማሪ ማለት ነው። ሞተሩ ከመኪናው ዓመት እኩል ወይም አዲስ መሆን አለበት። የወጣበት መኪና የነበረው የጭስ ዕቃም ሁሉ አብሮ ይመጣል፤ ካታሊስቱ፣ ሴንሰሮቹ፣ የነዳጅ ትነት መያዣው፣ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ሳይቀር። ካለፍክ ሬፈሪው የራሱን ልጥፍ ይለጥፍልሃል፤ ወደፊት በዚያ ትመረመራለህ። ሞተር ብቻውን በርካሽ አገኘሁ ብለህ አትግዛ። ግማሽ መኪና ይጎድልሃል።

ኪሩ፦ ስካይላይን አር32 ከጃፓን ላስመጣ ነው። 25 ዓመት ስላለፈው ችግር የለም አይደል?

ጋሽ ካንዴላ፦ 25 ዓመቱ የፌደራል ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ የራሷ አላት። ለ1976ና ከዚያ በኋላ ለሆነ መኪና ፈቃድ ያለው ላብራቶሪ ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ወጪው ያስለቅሳል። ይህን ሳታጣራ ገንዘብ አትላክ።

ሳሚ፦ ጋሼ፣ ትንሽ ጨመር ካደረግክለት የሚያሳልፍ ልጅ አለ ይሉኛል። እውነት ነው?

ጋሽ ካንዴላ፦ የሌላ መኪና ጭስ ለክቶ በአንተ ስም መላክ ማለት ነው። ወንጀል ነው። ማሽኑ እያንዳንዱን ምርመራ ይመዘግባል፤ ሲያዝ ያሳለፋቸው ሁሉ ስማቸው አለ። ይህን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳላይ።

ዮኒ ኢንግልዉድ፦ ግን እኮ ሕጉ ራሱ አያስኬድም። በእሁድ ብቻ የሚነዳ የ1977 መኪና ምን ያህል ያጨሳል? የድሮ መኪና ሰብሳቢው ጄይ ሌኖ የደገፈው ረቂቅ ሕግ ቢያልፍ ጥሩ ነበር።

ቤቲ ኦክላንድ፦ አስም ያለበት ልጅ አሳድገህ ታውቃለህ? አንድ የድሮ መኪና ስንት አዲስ መኪና የሚያጨሰውን ያጨሳል!

ዮኒ ኢንግልዉድ፦ ወደቡ ላይ የሚያጨሱትን መርከቦችስ ምነው አላየሻቸው?

ጋሽ ካንዴላ፦ ለማያውቁት፦ ድሮ 30 ዓመት የሞላው መኪና ሁሉ በየተራ ነጻ ይወጣ ነበር። በ2004 የወጣ ሕግ 1975 ላይ ቸነከረው። በ2025 የጄይ ሌኖ ሕግ የተባለው ረቂቅ 35 ዓመት የሞላቸውን የሰብሳቢ መኪናዎች ነጻ ሊያወጣ ነበር፤ ኮሚቴ ላይ ቀረ። ስለዚህ ያልወጣ ሕግ ተስፋ አድርጋችሁ ዕቃ አትጣሉ። ቤቲ ያለችውም እውነት አለው። በ1950ዎቹ ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬሚስት ሃገን-ስሚት የሎስ አንጀለስ ጉም ከመኪና ጭስና ከፀሐይ እንደሚመጣ ያሳየው ያለ ምክንያት አይደለም። በቃ፣ ፖለቲካው እዚህ ያብቃ።

ሚሚ፦ ጋሼ እኔ ሲያትል ነኝ።

ጋሽ ካንዴላ፦ ዋሽንግተን ግዛት ምርመራውን ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ትታዋለች። ዕድለኛ ነሽ።

አቤል አሌክሳንድሪያ፦ ቨርጂኒያስ?

ጋሽ ካንዴላ፦ ከ25 ዓመት በላይ ከሆነ የጭሱ ምርመራ አይመለከትህም። ሌላውን እዚያ ያሉትን ጠይቅ።

ሳሚ፦ ካላለፈ ለምን አዲስ አበባ አልልከውም? እዚያ ቦሎ ይሻላል።

ጋሽ ካንዴላ፦ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ቆየች፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ዜና አትሰማም?

ሊያ፦ የ1979 280ዜድኤክስ ልገዛ ነው። ስሞጉን እኔ ነኝ የማስደርገው ወይስ ሻጩ?

ጋሽ ካንዴላ፦ ሻጩ። በሕግ የእሱ ግዴታ ነው። የምስክር ወረቀቱ ለ90 ቀን ያገለግላል። "ቀላል ነው፣ አንቺ ታስደርጊዋለሽ" የሚል ሻጭ ቀላል ቢሆን ራሱ ያደርገው ነበር።

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ ሁሉን ከመለስኩ በኋላ የምርመራው ቀን ምን ላድርግ?

ጋሽ ካንዴላ፦ ዘይት ቀይር፤ ያረጀ ዘይት ውስጥ ቤንዚን ስላለ ኤችሲ ይጨምራል። ሃያ ደቂቃ ያህል ፍሪዌይ ላይ ንዳው፤ ካታሊስት ካልጋለ አይሠራም። ቀጠሮ ያዝ፤ ሞተር አጥፍተህ ወረፋ ላይ ከቆምክ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ደግሞ ፕሪቴስት በላቸው። ልኬቱ ያው ነው፣ ግን እንደ ኦፊሴላዊ ውጤት አይቆጠርም። ካለፍክ እዚያው ዋናውን ታስደርጋለህ።

ስም የለሽ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ወረቀቱን አገኘሁት። የ1976 280ዜድ። በዓይንና በጭስ አልፏል። የወደቀው "የነዳጅ ትነት" የሚለው ላይ ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦ ጎሽ! ከኋላ ቤንዚን ይሸትሃል?

ስም የለሽ፦ ሁልጊዜ። የድሮ መኪና ጠባይ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ካንዴላ፦ ጠባይ አይደለም፣ ቱቦ ነው። ከ1976 እስከ 1995 ያሉት መኪናዎች የትነት መስመራቸው በአነስተኛ ግፊት ይፈተሻል። ከኋላ የፕላስቲኩን ሽፋን ፍታ፤ ከታንኩ ወደ ትነት መያዣው ጠርሙስ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች ታያለህ። በጣትህ ጎንበስ አድርጋቸው፤ ይሰነጠቃሉ። አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቀይር፤ የነዳጅ መሙያውን ወፍራም ቱቦና የክዳኑን ጎማም ጨምር። ለነዳጅ የተሠራ ቱቦ ግዛ፤ የውኃ ቱቦ ቤንዚን ይበላዋል። የሚታጠፉት ቅርጻቸው የተለየ ስለሆነ አሮጌዎቹን ይዘህ ሂድ።

ስም የለሽ፦ አንዱን ትናንት ጥዬዋለሁ።

ጋሽ ካንዴላ፦ ከቆሻሻው አውጣው።