«ክፍያ ሲለቀቅ» የሚባል የደመወዝ ቀን የለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ከኅዳር ጀምሮ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በሚሠራ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ድንጋይና አሸዋ ሳቀብል ነበር፤ በቀን 400 ብር። የቀጠረን ካቦ ነው፤ ካቦውን ያመጣው ደግሞ ኮንትራክተሩ። ውል አልፈረምንም። ታይም ኪፐሩ ጠዋትና ማታ ስም ይጠራል፣ በቃ። እስከ ጥር 30 ድረስ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየፈረምን ወስደናል። በመጨረሻው ክፍያ ላይ ግን «አካፋ ጠፍቷል» ብለው 450 ብር ቆረጡብኝ። ከየካቲት መጀመሪያ አንሥቶ ለስድስት ሳምንት የሠራሁት ምንም አልተከፈለኝም። መንገዱ ሊመረቅ ነው ተብሎ አራት እሑድ ሙሉ ቀን አሠሩን፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። ስንጠይቅ «ክፍያ አልተለቀቀም፣ መንግሥት ሲከፍለን እንከፍላችኋለን» ነው መልሱ። መጋቢት ላይ ጮክ ብዬ ብጠይቅ «ነገ እንዳትመጪ» ተባልኩ። በግንቦት ያ የተመረቀው መንገድ ለውሃ መስመር ተቆፈረ። አሁን ሌሎች ሠራተኞች መልሰው እያነጠፉት ነው። ለማፍረሻ ገንዘብ አለ፣ ለእኛ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀን እንቁጠር፤ ይህ ዓምድ የሚወጣው ሐምሌ ላይ ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ፣ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። ቀድሞ የሚሞተው የአካፋው 450 ብር ነው። ጥር 30 ስለተቆረጠ ሐምሌ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ቀጥሎ የየካቲት የመጀመሪያው አጋማሽ ደመወዝሽ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይደርሳል። «ወደ ሥራ ይመልሱኝ» የሚለው ጥያቄ ግን የሦስት ወር ዕድሜ ብቻ ስላለው ሰኔ ላይ አልፎሻል። ሥራውም ስላለቀ በእሱ አትዘኚ።

እኔ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሆኜ ብዙ ዓመት በየሳይቱ ዞሬአለሁ። ሠራተኛን ከእምቢታ ይልቅ ተስፋ ነው ገንዘቡን የሚያስበላው። «አልከፍልም» ያለ ኮንትራክተር እምብዛም አላየሁም። ሁሉም «ክፍያ ሲለቀቅ» ነው የሚሉት። ሠራተኛው ላም አለኝ በሰማይ እያለ ሲጠብቅ ስድስት ወሩ ይሞላል። ካቦው ወረቀት ላይ «ይህን ያህል አለባችሁ» ብሎ ቢፈርምልሽ ኖሮ ያ በጽሑፍ ማመኑ ይርጋውን ያቋርጠው ነበር። በቃል «እሺ» ማለቱ ግን ችሎት ፊት ማስረዳት ያቅትሻል፤ ስለዚህ አትተማመኚበት።

አሁን ወደ ሰበቡ። መንግሥት ለኮንትራክተሩ ከፈለ አልከፈለ ያንቺ ጉዳይ አይደለም። እሱ ከመንግሥት ጋር ያለው ውል ሌላ ነው፣ አንቺ ከእሱ ጋር ያለሽ የሥራ ውል ሌላ ነው። የሥራ ውል ደግሞ የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። ሕጉ እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ያንን አለማድረጉ ያንቺን መብት አያሳጣም። በመንግሥት ፕሮጀክት ላይ የክፍያ መዘግየት እንዳለ አውቃለሁ፤ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ኮንትራክተሩ ለሠራው ሥራ የሚከፈልበት ሰነድ፣ በአማካሪው መሐንዲስ ተፈርሞ፣ በመሥሪያ ቤቱ ተመርምሮ፣ በጀት ተፈልጎለት እስኪወጣ ወራት ይበላል። ግን ኮንትራክተር ማለት ያንን ክፍተት በራሱ ገንዘብ ወይም በባንክ ብድር የሚሸፍን ነጋዴ ነው። ትርፉን ብቻውን እንደሚወስድ ሁሉ ዕዳውንም በቀን 400 ብር በምታገኝ እናት ላይ መጫን አይችልም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ክስ ላይ በደፈናው «ያልተከፈለኝ ደመወዝ» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ዳኛ ፊት ይንገዳገዳል። ቀንሽ 8 ሰዓት ነው፤ 400 ለ8 ሲካፈል በሰዓት 50 ብር። ስድስት ሳምንት በሳምንት 6 ቀን 36 ቀን ነው፤ 14,400 ብር። የሳምንት ዕረፍት ቀን ላይ የሚሠራ ሥራ በእጥፍ ይከፈላል፤ አንድ እሑድ 800፣ አራቱ 3,200 ብር። የምሽቱ ደግሞ በአንድ ተኩል ይታሰባል፤ በሰዓት 75 ብር፣ ለ12 ምሽት በቀን ሁለት ሰዓት 1,800 ብር። ከሌሊቱ 4 ሰዓት በላይ አምሽተሽ ቢሆን በአንድ ከሦስት አራተኛ ነበር። የአካፋው 450 ሲጨመር 19,850 ብር ይሆናል። አካፋውን በተመለከተ፣ ያላንቺ የጽሑፍ ስምምነት ወይም የሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት መሠረት ሳይኖር መቁረጥ አይቻልም። ተፈቅዶም እንኳ ቢሆን ከደመወዝሽ ሢሶ አይበልጥም።

ትርፍ ሰዓት በሕጉ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ምክንያቶቹም የተዘረዘሩ ናቸው፤ አደጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር፣ አጣዳፊ ሥራ፣ የቀረ ሠራተኛን መተካት። የባለሥልጣን ሪባን መቁረጥ ከነዚህ አንዱ አይደለም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከ12 ሰዓት በላይ ማሠራታቸው የእነሱ ጥፋት ነው እንጂ የሠራሽው ሰዓት እንዳይከፈልሽ ምክንያት አይሆንም።

ስለመባረርሽ ደግሞ፦ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት አይደለም ብሎ አዋጁ በግልጽ ጽፎታል። ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሒሳብሽ መዘጋት ነበረበት፤ ላዘገየ አሠሪ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ይህንንም በክሱ ጻፊው፤ ያልጠየቁትን ዳኛ አይሰጥም።

ማስረጃስ? ብዙ ሠራተኛ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ምንም ወረቀት የለኝም ብሎ ስለሚያስብ። አንቺ ወረቀት የለሽም፣ መንገዱ ግን አለው። የመንግሥት ገንዘብ የሚፈስበት ሳይት ላይ በየቀኑ ሪፖርት ይሞላል፦ ዛሬ ስንት ጉልበት ሠራተኛ ነበር፣ ስንት አንጣፊ፣ ስንት ማሽን፣ አየሩ እንዴት ዋለ፣ ስንት ካሬ ተነጠፈ። በዚያ ላይ የኮንትራክተሩ ሰው ይፈርማል፣ የአማካሪው ተቆጣጣሪም ይፈርማል። አንድ ቅጂ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ጋር ይቀመጣል። ያንቺ ስም ላይኖርበት ይችላል፤ ግን «የካቲት ላይ ሥራ አልነበረም» ወይም «እሑድ አልሠራንም» የሚል መከላከያ እዚያ ላይ ይሰበራል። አሠሪውም የክፍያ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ከኅዳር እስከ ጥር የፈረምሽበት ፒሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ሠራተኛው መሆንሽን ያሳያል። እነዚህን ፍርድ ቤቱ ካሉበት ቦታ እንዲቀርቡ እንዲያዝልሽ በክሱ ላይ ጠይቂ። አብረውሽ የነበሩትን ሁለትና ሦስት ሴቶች በምስክርነት አስመዝግቢ። ስልክሽ ላይ የካቦው የጥሪ ዝርዝርና መልእክት ካለ አታጥፊው።

ማንን ልክሰስ ካልሽ ካቦውንም ኮንትራክተሩንም በአንድ ላይ። «እኔ አላውቃትም፣ ከካቦው ጋር ተነጋገሩ» ሊል ነው፤ ይበል። የትኛው አሠሪ እንደሆነ ይወስን ዘንድ ነው ዳኛ የተቀመጠው። የት ለሚለው፣ አራብሳ አዲስ አበባ ውስጥ ስለሆነ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ከአንቺ ጋር የሠሩና ወዲያ ማዶ፣ በ2015 በተቋቋመው በሸገር ከተማ ክልል ባለ ሳይት ላይ ገንዘብ የቀረባቸው ካሉ ግን አዋጁ ያው አንድ ሆኖ ፍርድ ቤታቸው የኦሮሚያ ነው። ይህን ባለማወቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ይርጋ የበላቸው አሉ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ችሎቱም በ60 ቀን እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ እርግጥ 60 ቀኑ ብዙ ጊዜ ይለጠጣል። ክሱን ለማጻፍ አቅም ካጠረሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ክፍለ ከተማ ላለው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ማመልከት ትችያለሽ፤ ተቆጣጣሪ ልኮ ሊያናግራቸው ይችላል። ነገር ግን እዚያ እየተመላለስሽ ነሐሴ እንዳይገባ። ክሱን ፋይል አድርጊ፣ ከዚያ ሽምግልናውም ይቀጥል። አንድ ደብዳቤ ደግሞ ለአማካሪው መሐንዲስና ለባለቤቱ መሥሪያ ቤት ጻፊ፤ የስንት ሠራተኛ ደመወዝ እንዳልተከፈለ፣ በአጭሩ። የመጨረሻ ርክክብ እስኪፈጸም ከኮንትራክተሩ ክፍያ ተይዞ የሚቆይ ገንዘብ አለ። ያ ገንዘብ ያንቺ ደመወዝ ዋስትና ነው አልልሽም፤ ግን ኮንትራክተር የርክክብ ፊርማ ሲፈልግ ጸባዩ ይለሰልሳል።

የመጨረሻ ጥያቄሽ፣ ለማፍረሻ አለ ለእኛ የለም ወይ የሚለው፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ግን ሁለት ገንዘብ ነው። መንግሥት ለኮንትራክተሩ የሚከፍለው በተነጠፈው ካሬ ልክ ነው። ያንቺ ስድስት ሳምንት ያልተከፈለው መንገዱ ሁለቴ ስለተሠራ አይደለም፤ አንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ስለቀረ ነው። የመቆፈሩን ጉዳይ ከየካ አባዶ የጻፉልኝ አባት በደንብ አንሥተውታል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን መንገድ ነዋሪው በየቤቱ አዋጥቶ፣ የቀረውን መንግሥት ጨምሮ ኮብል ተነጠፈ። ዓመት ሳይሞላ የውሃ ሰዎች ቆፈሩት። እንደነገሩ ተመለሰ። አሁን ደግሞ የኬብል ሰዎች መጥተው ከመሐል ሰነጠቁት። ወረዳ ስንሄድ «ፕሮጀክቱ የበላይ አካል ነው» ይሉናል። ማንን ነው የምንይዘው?

መልስ፦ አባቴ፣ «የበላይ አካል» አድራሻ የሌለው መሥሪያ ቤት ስለሆነ እሱን መፈለጉን ይተዉት። ይልቅ ወረቀቱን ይጠይቁ።

መንገድ፣ ውሃ፣ መብራትና ቴሌ ሳይነጋገሩ አንዱ የሠራውን ሌላው ማፍረሱ ለመንግሥት አዲስ ነገር አይደለም። መሠረተ ልማት ተቀናጅቶ እንዲሠራ የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 857 በ2006 ወጥቷል። ስለዚህ «አላወቅንም ነበር» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም። ጥያቄው ማን ከማን ጋር ተነጋግሮ ነበር፣ የተነጋገሩበት ደብዳቤስ የት አለ ነው።

በ2000 የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶዎታል። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በ2013 በሌላ አዋጅ ተተክቷል፤ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ግን አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ለምን እንደፈለጉት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ካልመለሰ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላሉ።

ሲጠይቁ ግን «መንገዳችን ለምን ተቆፈረ» ብለው አይጻፉ፤ የሚመጣልዎት መልስ «ለልማት» የሚል ነው። የመጀመሪያው የነጠፋ ውል ዋጋ ስንት ነበር፣ ጊዜያዊ ርክክቡ መቼ ተፈጸመ፣ ቁፋሮውን ማን በየትኛው ደብዳቤ ፈቀደ፣ መልሶ ለማንጠፍ የተከፈለው ከየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት ነው፣ ቆፋሪው የመልሶ ጥገና ክፍያ አስቀድሞ አስይዞ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። የደብዳቤውን ቅጂ በመዝገብ ቤት ማኅተም አስመትተው ይያዙ። ያለ ማኅተም 30 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማሳየት አይችሉም።

ለፀረ ሙስና እንሂድ የሚሉ ጎረቤቶች እንዳሉ ጽፈውልኛል። የሰረቀ ሰው እንዳለ ምልክት ካላችሁ አዎ። ነገር ግን ሁለቴ መሥራት በራሱ ስርቆት ላይሆን ይችላል። ማንም አምስት ሳንቲም ሳይወስድ የሕዝብ ገንዘብ ሲባክን አይቻለሁ፤ ለእኔ ከስርቆቱ የባሰው እሱ ነው፣ የሚጠየቅበት ሰው ስለሌለው። ለእንዲህ ያለው ብክነት የሚስማማው የክዋኔ ኦዲት ነው። የክዋኔ ኦዲት ደረሰኝ አለ ወይ ብሎ አይቆምም፤ ገንዘቡ ለታለመለት ነገር በቁጠባ ውሏል ወይ ብሎ ይመረምራል። የአዲስ አበባ ከተማ የራሱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት አለው፤ ተጠሪነቱም ለከተማው ምክር ቤት ነው። መልስ ካገኙ መልሱን፣ ካላገኙ ያላገኙበትን ባለ ማኅተም ደብዳቤ አያይዘው ለእሱ ጥቆማ ያስገቡ። ቅጂውን አካባቢያችሁን ወክሎ ለተመረጠው የምክር ቤት አባል ይስጡ፤ አብዛኛው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ነዋሪው ያዋጣውን ደግሞ አይርሱት። ደረሰኞቹን ሰብስቡ፤ ኮሚቴው ገንዘቡን ለማን እንዳስረከበ ቃለ ጉባኤውን አውጡ። ገንዘብ ያወጣ ነዋሪ ቅሬታ አቅራቢ ብቻ አይደለም፣ የሥራው ተካፋይ ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ዕለት ኮድ 4 መኪና ሠርግ ሲያጅብ አየሁ። ፎቶ አንሥቻለሁ። ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው?

መልስ፦ ፌስቡክ ላይ ከለቀቅከው ሁለት ቀን ይሳቅበታል፣ ሹፌሩም ብቻውን ይቀጣል። ቅዳሜ የወጣ የመንግሥት መኪና ሁሉ ደግሞ ጥፋተኛ አይደለም። ሰሌዳውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፍ። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ፎቶውን አያይዘህ አስገባ፤ የዚያን ቅዳሜ የስምሪት ወረቀት ማን እንደፈረመውና ነዳጁ በየትኛው ኩፖን እንደተቀዳ ይመልሱልህ።