ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በላም ወተት ፈንታ የትኛው የዕፅዋት ወተት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 32 ነው። የላም ወተት ስጠጣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ያስቀምጠኛልም። በጾም ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አልጠጣም። ሱቅ ውስጥ የአኩሪ አተር፣ የአልሞንድ፣ የአጃና የሩዝ ወተት አያለሁ፤ የትኛውን ልግዛ? ቤት ውስጥስ መሥራት ይቻላል? የ20 ወር ልጄ የላም ወተት ይስማማታል፣ እሷንም ከእኔ ጋር ላስለምዳት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መልሱ ለእርስዎና ለልጅዎ አንድ ስላልሆነ በእርስዎ ልጀምር።

ንፋቱና ተቅማጡ ወተት በጠጡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚመጣ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር ነው። አንጀት ይህን ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም በበቂ ካላመነጨ፣ ስኳሩ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ጋዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ወተቱን ማፍላት ላክቶሱን አያጠፋውም። እርጎና አይብ ግን ላክቶሳቸው ያነሰ ስለሆነ ለብዙ ሰው ይስማማሉ፤ በፍስክ ቀን መጀመሪያ እነሱን ይሞክሩ። ወተት ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካስከተለብዎ ግን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመሩ አይቅመሱት።

አሁን ወደ ምርጫው። ስሙ ሁሉም ላይ «ወተት» ቢሆንም ይዘታቸው በጣም ይራራቃል። አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) የላም ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲንና 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ከጠቀሷቸው ውስጥ በፕሮቲን የሚጠጋው የአኩሪ አተር ወተት ብቻ ነው፤ ብርጭቆው ከ6 እስከ 8 ግራም ይይዛል። የአጃው ከ2 እስከ 3 ግራም ነው፤ በፋብሪካ ሲዘጋጅ ስታርቹ በኢንዛይም ስለሚሰባበር «ስኳር አልተጨመረበትም» ተብሎ እንኳ ስኳር አያጣም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ልብ ይበል። የአልሞንዱ 1 ግራም ገደማ ቢሆን ነው፣ አብዛኛው ውሃ ነውና። የሩዙ ከዚያም ያንሳል። የእኛው የሱፍ ውሃም ለፍትፍት ግሩም ነው፣ በወተት ቦታ ግን አይተካም።

ስለዚህ የአኩሪ አተሩን ይግዙ። ካርቶኑን ገልብጠው ያንብቡ፦ በ100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 120 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም፣ ቫይታሚን ቢ12 የተጨመረበትና ስኳር ያልገባበት ይሁን። የተጨመረው ካልሲየም ከሥር ስለሚዘቅጥ ሁልጊዜ በደንብ ነቅንቀው ይቅዱ፤ አለበለዚያ ካልሲየሙ ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። (የጾም ማኪያቶ ላይ ወተቱ ቢቋጠር ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የቡናው አሲድና ሙቀት ነው።)

ቤት ውስጥ መሥራትም ይቻላል። አንድ ኩባያ ደረቅ አኩሪ አተር ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፍዝፉ፣ ውሃውን ይድፉ፣ አጥበው ልጣጩን እያሹ ያውጡ። ከ6 ኩባያ ውሃ ጋር ይፍጩት። ውሃው በጣም የሞቀ ቢሆን ይመረጣል፣ የጥሬ አተሩን ሽታ የሚያመጣውን ኢንዛይም ያዳክመዋልና። በንጹሕ ጨርቅ ጨምቀው፣ ግማሹ ባዶ በሚቀር ሰፊ ድስት ያፍሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወተቱ ገና ሳይፈላ አረፋው ድንገት ገንፍሎ ይነሣና የፈላ ይመስላል። ያኔ እሳቱን ያጠፋ ሰው ጥሬ የአኩሪ አተር ወተት ሊጠጣ ነው። በጥሬው ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለ፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና ተቅማጥም ያመጣል። እሳቱን ቀንሰው፣ አረፋው ከወረደና ወተቱ በእርግጥ መፍላት ከጀመረ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እያማሰሉ ያብስሉት። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው በ2 ወይም በ3 ቀን ይጨርሱት።

የቤቱ ወተት ፕሮቲን አለው፣ ካልሲየሙ ግን ትንሽ ነው፣ ቢ12 ደግሞ የለውም። ካልሲየሙን በጎመንና በጤፍ እንጀራ ማካካስ ይችላሉ። ቆስጣ ግን ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዝ ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ካልሲየሙን ሰውነት እምብዛም አያገኘውም። ቢ12ን ሽሮም ምስርም አይሰጡም። ጉበት ስለሚያከማቸው ጤነኛ ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብቻ አይጎዳም። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ እምብዛም የማይቀምሱ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ የሚያጠቡ ወይም ሜትፎርሚን (የስኳር ሕመም መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ ግን ቢ12ዎን ያስመርምሩ። እጅና እግር መደንዘዝ ካለ አይቆዩ። የታይሮይድ ኪኒን (ሌቮታይሮክሲን) የሚወስዱ ከሆነም የአኩሪ አተር ወተቱንና ኪኒኑን በ4 ሰዓት ያራርቁ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ የላም ወተት ከተስማማት አይቀይሩባት። እስከ 2 ዓመቷ ስቡ ያልወጣለት፣ የፈላ ወተት በቀን እስከ ሁለት ብርጭቆ ይበቃታል፤ ከዚያ ሲበዛ ምግብ ትተዋለች፣ የብረት እጥረትም ይከተላል። ጡት የምትጠባ ከሆነ ይቀጥሉ። የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ሊሰጠው ይችላል። ሆኖም አንዳንዶቹ አኩሪ አተርም ስለማይስማማቸው በሐኪም ምክር ይጀመር። ከ12 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን በእናት ጡት ወይም በሕፃናት ፎርሙላ ፈንታ የላምም ሆነ የዕፅዋት ወተት አይሰጥም። የሩዝ ወተት ደግሞ አርሴኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚገኝበት ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሁን።