እኔ ወፍራሟ 2 ኤምኤል፣ ቀጭኗ እህቴ 2.5?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፣ ወገቤ ላይ ተወግቼ። 90 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 1.50። ያኔ «2 ኤምኤል ይበቃታል» ሲባባሉ ሰምቻለሁ፣ እህቴ ግን 58 ኪሎ ሆና 2.5 ነው የሰጧት። እኔ ሲገፉኝ ሲጎትቱኝ ይሰማኝ ነበር፣ ደሞ አጥወለወለኝ። አሁን ሁለተኛው ደርሷል፣ በኪሎዬ ልክ ጨምሩልኝ ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። ጥያቄሽ ይገባኛል ግን ስፓይናል (ወገብ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ) እንደ ልጆች የፓራሲታሞል ሽሮፕ በኪሎ አይለካም። መድሃኒቱ የሚሰራው ደም ውስጥ ዞሮ ሳይሆን እዛው አከርካሪሽ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ስለሆነ ከኪሎ ይልቅ ቁመት ነው ትንሽ ለውጥ የሚያመጣው፣ አጠር ላለች ሴት ቀነስ ይደረጋል። ማደንዘዣው መድሃኒት፣ 0.5 ፐርሰንት ቡፒቫኬይን፣ 1 ኤምኤሉ 5 ሚሊግራም ነው፣ ለኦፕራሲዮን ወሊድ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12.5 ሚሊግራም ይሰጣል፣ ስለዚህ አንቺም እህትሽም የተለመደውን ነው ያገኛችሁት። እርግዝናው ራሱም ዶዙን ያስቀንሳል፣ ማህፀን ትልቁን የደም ስር ሲጫነው በአከርካሪ ዙሪያ ያሉት ደም ስሮች ያብጡና የፈሳሹ ቦታ ይጠባል፣ ያው መጠን ከፍ ብሎ ይወጣል ማለት ነው።

በኪሎሽ ቢጨመር ኖሮስ? ድንዛዜው ወደ ላይ ይወጣና ግፊትሽ ይወርዳል፣ እጅሽ ይዝላል፣ ከባሰም ትንፋሽ ያጥራል። ያጥወለወለሽም ብዙ ጊዜ ግፊት ሲወርድ የሚመጣ ነው፣ ለዛ ነው ወደ ግራ ጋደል አድርገው ጉሉኮሱን የሚያፈጥኑት፣ ግፊት ከፍ የሚያደርጉትን ፌኒልኤፍሪን ወይም ኤፌድሪን የሚሰጡት።

እኔ ብሆን ስለ ኤምኤሉ አልከራከርም፣ ከመቀደዱ በፊት ስላለው ቼክ ነው የምጠይቀው። በአልኮል የራሰ ጥጥ ይዘው ከታች ወደ ላይ እየነኩ «ይቀዘቅዝሻል?» ይሉሻል፣ በግራም በቀኝም እስከ ጡትሽ ጫፍ ድረስ ቅዝቃዜው መጥፋት አለበት። የሚቀደደው ታች ሆኖ ለምን እስከዛ ትይ ይሆናል፣ ከቆዳው ስር ያለው የሆድ ሽፋን ህመሙን የሚልከው ከፍ ብለው በሚገቡ ነርቮች ስለሆነ ነው። እንግዲህ ተቸኩለሽ አዎ ደንዝዟል እንዳትዪ፣ የሚሰማሽን በትክክል ንገሪያቸው።

መገፋትና መጎተት ግን ይሰማል፣ ኖርማል ነው፣ ስፓይናሉ ጥሩ ቢሰራም። የሚቆርጥ ወይም የሚያቃጥል ህመም ከሆነ ግን ወዲያው ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ እዚህ ላይ «ቻል አድርጊው» የሚለውን ነገር እኔ አልወደውም፣ ምክንያቱም ቆም ብለው መድሃኒት ሊጨምሩልሽ ካስፈለገም ሙሉ ሰመመን ሊሰጡሽ ይችላሉ። ባለፈው የሆነውን ደሞ ከመግባትሽ በፊት ለአነስቴዥያ ባለሙያው ንገሪው፣ ደም ማቅጠኛ መርፌ ጀምረሽ ከሆነ እሱንም መጨረሻ የተወጋሽበትን ሰዓት ጨምረሽ።