ጉድፍ የያዘው ልጅ መቼ ትምህርት ቤት ይመለስ?

ትኩሳቱ ስለለቀቀው ብቻ ነገ አትላኪው። መለኪያው ቁስሉ ነው። ውሃ የቋጠሩት ሁሉ ደርቀው ቅርፊት እስኪይዙ ድረስ ያስተላልፋል፤ ብዙ ጊዜ ሽፍታው ከወጣ በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። ጠዋት ሸሚዙን አውልቀሽ ጀርባውን እዪ፣ ፀጉሩንም ገለጥ ገለጥ አድርጊ። አንድም እርጥብ ካለ ቤት ይዋል።

ታናሽ እህቱን ልለያት ወይ ላልሽው፣ ሽፍታው ሊወጣ 1 ወይም 2 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ስለሚያስተላልፍ ሳይደርሳት አልቀረም።

ለማሳከኩ ካላማይን ቀቢው፤ ጥፍሩንም ቁረጪ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የኔ ልጅ ሲታመም ጎረቤቴ ለትኩሳቱ ብላ አስፕሪን ይዛልኝ መጥታ ነበር። ጉድፍ ለያዘው ልጅ አስፕሪን በፍጹም አይሰጥም፤ አንጎልና ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ፓራሲታሞል በልኩ ስጪው።