ለቡና ማጠቢያዬ የትኛውን የጭነት መኪና ልግዛ?

ጥያቄ፦ አጋሮ አጠገብ አነስተኛ የቡና ማጠቢያ አለኝ። በመኸር ወራት በቀን እስከ 100 ኩንታል ቀይ እሸት ከየቀበሌው እሰበስባለሁ፤ ከታጠበ በኋላ የደረቀውን ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። እስካሁን በኪራይ መኪና ሠርቻለሁ። አሁን ለመግዛት ሳስብ ወዳጆቼ ባለተሳቢ ትልቅ መኪና ይመክሩኛል፤ እኔ ግን ወደ ሁለት መካከለኛ አይሱዙዎች አዘነብላለሁ። ምን ትላላችሁ?
የቡና ነጋዴ፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳብዎ ትክክል ነው እንላለን። እርስዎ የሚያጓጉዙት ሁለት የተለያየ ጭነት መሆኑን ልብ ይበሉ። እሸቱ ውኃ ያዘለ ከባድ ጭነት ሲሆን ከነገለፈቱ (ፍሬውን ከሸፈነው ቀጭን ልባስ ጋር) ታጥቦ ሲደርቅ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከቀኑ 100 ኩንታል ለአዲስ አበባ የሚተርፈው 20 ኩንታል ያህል ብቻ ነው። በዚህ ስሌት 400 ኩንታል የሚጭን ባለተሳቢ አንድ ጊዜ ለመሙላት ሦስት ሳምንት ያህል ይጠብቃል፤ በጥቅምት ጭቃ በአካባቢዎ ወዳለው የጌራ ወረዳ ቀበሌዎች መግባትም አይሆንለትም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ግን እሸቱ ነው። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል፤ ያለዎት መኪና አንድ ብቻ ሆኖ መንገድ ላይ ከቆመ የእርስዎ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የገበሬው የዓመት ልፋት አብሮ ይጎዳል። እያንዳንዳቸው 70 ኩንታል ያህል የሚጭኑ ሁለት መኪኖች ካሉዎት ግን አንዱ ጋራዥ ቢገባ ሌላው ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የቀኑን እሸት ያደርሳል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሞዴል ይሁኑ፤ የአንዱ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራና ባሌስትራ ለሌላው ስለሚሆን መለዋወጫ በጅማ ለማከማቸት ይቀልልዎታል።

ሞተሩ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው እንዲሆን አጥብቀን እንመክራለን፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ በግቤ ሸለቆ ረጅም ቁልቁለትና ዳገት ስላለው፣ መኪናውን ሳይገዙ በሙሉ ጭነት ቁልቁለት ላይ ያስፈትኑት፤ በከባድ ማርሽና በሞተር ብሬክ መያዝ ካልቻለ ዋጋው ቢረክስም ይተዉት።

ያገለገለ ከሆነ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ተበይዶ እንደሆነ በባለሙያ ያስመርምሩ፣ በሊብሬው የተጻፈውን የመጫን አቅምም ያረጋግጡ። ምርቱ ተከማችቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ኩንታል መላክ ሲያስፈልግዎ ባለተሳቢውን ለዚያ ጉዞ ብቻ ይከራዩ።