መልስ፦ የባለቤቴን ቅድመ አያቶች ከኖርፎክ መንደር እንዴት ላግኛቸው?

እህቴ፣ ባለቤትሽ «አያቶቼ የኖርፎክ ገበሬዎች ነበሩ» ከማለት በቀር ምንም እንደማያውቅ ጽፈሻል፤ ኖርፎክ በምሥራቅ እንግሊዝ ያለ አውራጃ ነው። ሰባት ቤት እየቆጠርን ላደግን ሰዎች ይህ ይገርማል፤ ነገር ግን እንግሊዞች ዘራቸውን በቃል ባይዙትም መዝገቡን አስቀምጠዋል።

በመጀመሪያ በሕይወት ያሉትን አረጋውያን ጠይቂ። ከዚያ ወደ መንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ሂጂ፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። የጋብቻው ወረቀት የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ ስለሚይዝ እጅግ ይጠቅማል። ሚስት በባሏ ቤተሰብ ስም ስለምትጠራ የቀድሞ ስሟን ሳትይዢ እንዳትቀጥዪ።

ከ1851 ወዲህ ያለው የሕዝብ ቆጠራ የትውልድ አጥቢያን ይነግርሻል። የ1841ዱ ግን የአዋቂዎችን ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ያጠጋጋል፤ 31 ዓመት የሆነው ሰው 30 ተብሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። የ1931ዱን አትፈልጊው፣ በ1942 ተቃጥሏል። በቆጠራው ላይ «አግ ላብ» የሚል አኅጽሮት ካየሽ የእርሻ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። ስለዚህ «ገበሬ» ሲባል መሬት ነበራቸው ብለሽ አትቸኩዪ፤ አብዛኞቹ የሰው መሬት አራሾች ነበሩ።

ከ1837 በፊት ያለው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እንዲጻፍ አዝዞ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በአብዛኛው በአውራጃው ቤተ መዛግብት ይገኛል። እስከ 1752 ድረስ ዓመታቸው የሚለወጠው መጋቢት 25 ነበር፤ በጥር 1720 ተጠመቀ የተባለው ሕፃን በዛሬው አቆጣጠር የ1721 ነው። የዘመን አቆጣጠር ጣጣ ለእኛ መቼም አዲስ አይደለም!

መቃብር ቦታው ላይ የድሆች ሐውልት ብዙም ስለማይገኝ እሱን በመጨረሻ አድርጊው።